ካዋንዲ

ካዋንዲ በሕንድ አገር በካርናታካ ክፍላገር የሚኖሩ፣ ሲዲ የሚባሉ የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ሴቶች ከአሮጌ ልብስ ቁራጮች በእጃቸው እየሰፉ የሚሠሩት ድርብርብ ብርድ ልብስ ነው። በልማድ የሚሠራው ለገበያ ሳይሆን ለልጅ፣ ለልጅ ልጅና ለቅርብ ዘመድ ለመስጠት ነው። መሬት ላይ ወይም አልጋ ላይ ተነጥፎ ፍራሽ ይሆናል፤ ሲበርድ ደግሞ ይለበሳል። የአካባቢው ሌሎች ነዋሪዎችም ተመሳሳይ ብርድ ልብስ ይሠራሉ። በካንናዳ ቋንቋ ካውዲ፣ በማራቲ ቋንቋ ጎድሃዲ ይባላል።

ሠሪዎቹ

ሲዲዎች በተለያየ ዘመን ከምሥራቅ አፍሪካ ወደ ሕንድ የተወሰዱ ባሮች፣ እንዲሁም ወታደሮች፣ መርከበኞችና ነጋዴዎች ሆነው የሄዱ ሰዎች ተወላጆች ናቸው። ዛሬ በጉጃራት፣ በካርናታካና በሌሎች የሕንድ ክፍሎች ይገኛሉ። የካርናታካዎቹ በብዛት የሚኖሩት በኡታራ ካንናዳ አውራጃ፣ በየላፑር፣ በሃሊያልና በሙንድጎድ ዙሪያ ባሉ መንደሮች ነው። (ካንናዳ የቋንቋ ስም ነው፤ ከሰሜን አሜሪካው ካናዳ ጋር ግንኙነት የለውም።) ከአባቶቻቸው ብዙዎቹ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በፖርቱጋሎች ወደ ጎዋ የመጡ ባሮች ነበሩ። ከጎዋ ያመለጡት ደቡቡን ይዘው የምዕራብ ጋትስ ተራሮች ደን ውስጥ ገቡ፤ እዚያም እርሻ እያረሱና የሰው ጉልበት ሥራ እየሠሩ ኖሩ። በቤታቸው የሚናገሩት በአብዛኛው ኮንካኒ ነው። በሃይማኖት ሂንዱ፣ እስላምና ካቶሊክ ክርስቲያን አሉባቸው። በ2003 እ.ኤ.አ. የሕንድ መንግሥት የዚህን አውራጃ ሲዲዎች ልዩ ድጋፍ ከሚደረግላቸው ጎሣዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቷቸዋል።

በድሮ የሕንድ ጽሑፎች እንዲህ ያሉ ሰዎች ሀብሺ ተብለውም ይጠሩ ነበር፤ ቃሉ ሐበሻ ከሚለው ጋር አንድ ነው። ከኢትዮጵያ በባርነት ተሽጦ በደካን የአሕመድናጋር መንግሥት እንደራሴ እስከ መሆን የደረሰው ማሊክ አምባር (1548 ገደማ – 1626 እ.ኤ.አ.) ከሁሉ ይበልጥ የታወቀው ነው። ይሁን እንጂ የስሙን ነገር ይዞ ሲዲዎችን ሁሉ ኢትዮጵያውያን ማድረግ ስህተት ነው። በፖርቱጋሎች ከተወሰዱት መካከል ከሞዛምቢክና ከሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ ጠረፎች የመጡ ብዙዎች ነበሩ።

አሠራር

ለካዋንዲ የሚያስፈልገው መርፌ፣ ወፍራም ክር፣ መቀስና ያለቀ ልብስ ብቻ ነው። ለገበሩ አብዛኛውን ጊዜ አሮጌ የጥጥ ሳሪ ይመረጣል። ሳሪ ብዙ ሜትር የሚረዝም ስስ ጨርቅ ስለ ሆነ ተቆርጦ ወይም ተደርቦ አንድ ሰፊ ገበር ይወጣዋል። ላይኛው ፊት ከሸሚዝ፣ ከቀሚስ፣ ከልጆች ልብስና ከሌላ ሳሪ በተቀደዱ እራፊዎች ይሸፈናል። በአውሮፓና በአሜሪካ እንደሚሠራው ኩዊልት በመካከል ባዘቶ አይሞላበትም። ሙቀቱ የሚገኘው ከጨርቆቹ መደራረብ ነው።

ካዋንዲን ከሌሎች የሚለየው የስፌቱ ቅደም ተከተል ነው። አብዛኛው ኩዊልት መጀመሪያ ፊቱ ለብቻው ተገጣጥሞ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ከገበሩ ጋር ተጣብቆ በሙሉ ይሰፋል። በካዋንዲ ግን ሁለቱ ሥራዎች አንድ ናቸው። ሴትየዋ ገበሩን ዘርግታ ከአንድ ማዕዘን ትጀምራለች። የመጀመሪያውን እራፊ ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፋ ታስቀምጥና መርፌውን ወደ ላይና ወደ ታች እያደረገች በቀጥታ ትሰፋዋለች። ሲያልቅ ቀጣዩን ከጎኑ ትደርባለች። እንዲህ እያለች ዳር ዳሩን ከዞረች በኋላ ሁለተኛውን ዙር ከመጀመሪያው ውስጥ ትጀምራለች፤ ሥራው እንደ ቀንድ አውጣ ዛጎል እየጠበበ መሐል ላይ ያልቃል። ስለዚህ አንዱ ስፌት እራፊውንም ያያይዛል፣ ድርቡንም ያጠብቃል። በመጨረሻ ሙሉው ብርድ ልብስ ከጠርዝ ወደ መሐል በሚገቡ የክር መስመሮች ተሸፍኖ ይገኛል።

ንድፍ በወረቀት ላይ አይሠራም። የሚቀጥለው እራፊ ቀለምና መጠን የሚወሰነው እጅ ላይ ባለው ጨርቅና በሠሪዋ ዓይን ነው። ጠርዝ ላይ የተቀመጠ ደማቅ ቀይ ቁራጭ ከዚያ በኋላ የሚመጡትን ሁሉ ይመራል፤ ወደ ኋላ ተመልሶ መፍታት ግን አድካሚ ስለ ሆነ አንድ ጊዜ የተሰፋ እንደ ተሰፋ ይቀራል። ካቶሊክ ሠሪዎች አንዳንድ ጊዜ የመስቀል ቅርጽ፣ እስላሞች ደግሞ የጨረቃ ቅርጽ ይጨምሩበታል። ለሕፃን የሚሠራው አነስ ያለ ሲሆን በትንንሽና ደማቅ ቁራጮች ይሞላል። የትልልቆቹ መጠን የሚለካው በሥሩ በሚተኙት ሰዎች ቁጥር ነው።

ስፌቱ ካለቀ በኋላ በአራቱ ማዕዘን ላይ ተደራርበው የታጠፉ ትንንሽ ጨርቆች ይጨመራሉ። ስማቸው ፑላ ነው፤ ትርጉሙም አበባ ማለት ነው። ፑላ ለሙቀትም ሆነ ለጥንካሬ የሚሰጠው ጥቅም የለም። ነገር ግን ያለ እርሱ ካዋንዲው እንደ ተራቆተ ይቆጠራልና ሠሪዎቹ ሳያደርጉት ሥራውን አለቀ አይሉም።

ስጦታነቱ

ካዋንዲ በአብዛኛው የሚሠሩት በዕድሜ የገፉ ሴቶች ናቸው። እርሻና የጉልበት ሥራ የከበዳቸው አያቶች ቤት ሲውሉ ለልጆቻቸውና ለልጅ ልጆቻቸው ይሰፋሉ። በዚያ ተራራማ አገር ዝናቡ ከሰኔ ገደማ ጀምሮ ለወራት ስለማያቋርጥ ሌሊቱ እርጥብና ቀዝቃዛ ነው፤ ሞቅ ያለ ልብስ መስጠት ትልቅ ነገር መሆኑ ክረምትን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገውም።

የጨርቁ ምንጭ የቤተ ሰቡ የገዛ ልብስ በመሆኑ ተቀባዩ እራፊዎቹን ሊያውቃቸው ይችላል፦ ይህ የእናቴ ሳሪ፣ ያ የወንድሜ ሸሚዝ። በአማርኛ «ድሪቶ» የሚለው ቃል የተጣፈ ልብስን ቢያመለክትም ለካዋንዲ ትክክለኛ ትርጉም አይሆንም። ድሪቶ ቀዳዳ ለመሸፈን የተጣፈና የችግር ምልክት የሆነ ልብስ ነው። ካዋንዲ ግን ምንም እንኳ መነሻው እጥረት ቢሆን፣ ከጅምሩ እንዲያምር ታስቦ የሚሠራ ነው። ፑላው ለዚህ በቂ ማስረጃ ይመስላል።

ወደ ገበያ መውጣቱ

አሜሪካዊው የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ተመራማሪ ሄንሪ ድሩዋል በ2000ዎቹ ስለ ሲዲዎች ሲያጠና ትኩረቱ በካዋንዲ ላይ አረፈ። በ2004 እ.ኤ.አ. የሲዲ ሴቶች ሥራቸውን የሚሸጡበት የኅብረት ሥራ ማኅበር ተቋቋመ። በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ ካዋንዲዎች በኒው ዮርክ ሃርለም በሚገኘው ሾምበርግ ማዕከል ለዕይታ ቀረቡ። ሽያጩ ጥሬ ገንዘብ እምብዛም ለማያገኙ አሮጊቶች ገቢ አስገኝቷል። በአንጻሩ ለማይታወቅ ገዢ የሚሰፋ ካዋንዲ የማንን ልብስ እንደያዘ የሚያውቅለት የለም። ቴክኒኩ አንድ ቢሆንም ዕቃው አንድ ነው ለማለት ያስቸግራል።

የአመጣጥ ጥያቄ

የካዋንዲ ድንገተኛ የቀለም አጣጣል በአሜሪካ የጥቁር ሕዝብ ሴቶች ከሚሠሩት ኩዊልት ጋር ብዙ ጊዜ ይነጻጸራል። በተለይ የሚጠቀሰው በአላባማ ወንዝ ኩርባ ላይ ያለችው የጊስ ቤንድ መንደር ነው። በዚያ አካባቢ ፍሪደም ኩዊልቲንግ ቢ የተባለ የሴቶች ማኅበር በ1966 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ፤ የመንደሯ ኩዊልቶችም በ2002 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ዊትኒ ቤተ መዘክር ታይተዋል። ከጊስ ቤንድ ሥራዎች አንዱ ሚዙሪ ፔትዌይ በ1942 እ.ኤ.አ. ከሟች ባሏ የሥራ ልብስ የሰፋችው ነው፤ እርሱን እያስታወሰች በሥሩ ለመተኛት ብላ እንደሠራችው ልጇ ተናግራለች።

መመሳሰሉ ለዓይን ግልጽ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ሁለቱም ከአፍሪካ በአንድ መስመር የወረደ ጥበብ ናቸው ማለት ግን አይቻልም። ሲዲ ያልሆኑ ጎረቤቶቻቸውም ካውዲ ስለሚሠሩ አሮጌ ሳሪን ደርቦ የመስፋቱ ዘዴ የአገሩ የጋራ ሀብት ነው። ያለቀ ልብስ ብቻ በእጇ ያለ ሴትም በየትኛውም አገር ወደ ተመሳሳይ መፍትሔ ልትደርስ ትችላለች።

ተመሳሳይ ልማዶች

በቤንጋል (ባንግላዴሽና የሕንድ ምዕራብ ቤንጋል) ካንታ የሚባል ከአሮጌ ሳሪዎች የተደረበ ጨርቅ ለሚወለድ ሕፃን መጠቅለያ ይሠራል። የሰሜን አሜሪካ ላኮታዎች የኮከብ ቅርጽ ያለበትን ኩዊልት በክብር ለሚጠሩ ሰዎች ይሰጣሉ፤ ልማዱ የጎሽ መንጋዎች ካለቁ በኋላ በጎሽ ቆዳ ካባ ምትክ የመጣ ነው። በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. በምሥራቃዊ አሜሪካ ደግሞ ወዳጆች ስማቸውን በቀለም የጻፉባቸው ቁራጮች ተሰፍተው ብዙ ጊዜ ወደ ሩቅ አገር ለሚሄድ ሰው ይሰጡ ነበር።

በኢትዮጵያ ለዚህ የሚቀርበው ጋቢ ነው። እርሱም ድርብ ነው፤ እናት ፈትላ ለልጇ፣ ልጅም አሠርቶ ለወላጁ ይሰጠዋል። ሆኖም ጋቢ በአዲስ ፈትል የሚሸመን በመሆኑ በዚህ ረገድ ከካዋንዲ ይለያል። በተለበሰ ጨርቅነቱ ካዋንዲን ይበልጥ የሚመስለው፣ ታጥቦ የለሰለሰና ያለቀ የእናት ነጠላ ለሕፃን መጠቅለያ የሚሆንበት የቤት ውስጥ ልማድ ነው።