በር ያንኳኳ ሁሉ

መድን፣ መድኃኒትና መድኃኔ ዓለም የአንድ ግንድ ቅርንጫፎች ናቸው። ግንዱ «ድኅነ» የሚለው ግእዝ ነው፤ ዳነ ማለት። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት ተማሪዎቼን «ቃልንም እንደ ሙሽራ ዘሩን ጠይቁት» እላቸው ነበር። ታዲያ እንዲህ ያለ ዘር ያለውን ቃል ይዞ የሰው በር የሚያንኳኳው የመድን ወኪል፣ በአፋችን «የኢንሹራንስ ሰውዬ» የምንለው፣ ለምንድን ነው ፊት የሚነሳው? ደምበጫን እንደ ምሳሌ እንውሰድና እንነጋገር።

ደምበጫ ከደብረ ማርቆስ ወደ ፍኖተ ሰላም ስንሄድ መንገዳችን ላይ የምናገኛት ከተማ ናት። ወኪሉ አስፋልቱ ዳር ባለ መኪና ቢያገኝ ብዙም አይለፋም። የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው ተብሎ በ2000 ዓ.ም. ታውጇል፤ ሕጉ ሸጦለታል። ጭንቁ የሚመጣው ከአስፋልቱ ወርዶ ገበሬው ግቢ ሲደርስ ነው። ውሻው ይጮኻል። «ቤቶች! እንዴት ዋላችሁ?» ይላል። ይግቡ ይባላል፣ መቀመጫ ይቀርባል፣ ጠላ ይቀዳል። እስከዚህ ሁሉ ሰላም ነው። ወረቀትና እስኪርቢቶ ሲወጣ ግን ጨዋታው ይቀዘቅዛል።

ምክንያቱ ታሪክ ነው። ጎጃም ውስጥ ደብተር ይዞ የሚመጣ ባዳ መልካም ነገር አምጥቶ አያውቅም። ከጣልያን መባረር በኋላ መሬት ይለካል ሲባል ገበሬው «ርስቴን ሊነጥቁኝ ነው» ብሎ ተነሣ። በ1960 ዓ.ም. ደግሞ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣና ገማቾች ምርት ሊገምቱ ተሰማሩ። ያስቆጣው የብሩ ነገር ብቻ አልነበረም፤ መቆጠሩና መጻፉ ጭምር ነው። ዛሬ ምርቴን የጻፈ ነገ ርስቴን ይጽፋል ተባለ። ሞጣና ዳሞትን ጨምሮ ብዙው ጎጃም አመፀ፣ መንግሥትም አውሮፕላን ሳይቀር ላከበት። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ ውዝፉ ግብርም ተማረ። የያኔዎቹ ልጆች የዛሬዎቹ አያቶች ናቸው። ስለዚህ ወኪሉ ቅጹን ለመሙላት «ስንት በሬ አለዎት? ስንት ልጅ?» ሲል፣ ሽማግሌው የሚሰማው የገማቹን ድምፅ ነው። ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር!

ሌላም ጣጣ አለ። ወኪሉ በሥልጠና እንደተማረው «ጋሼ፣ እርስዎ ነገ አንድ ነገር ቢሆኑ እነዚህ ልጆች ምን ይበላሉ?» ይላል። ይህ በከተማ አዳራሽ ማስረጃ ነው፤ በገጠር ጓዳ ሟርት ነው። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ያለ እንግዳ ሞት ይዞ ሲገባ እናትዮዋ ማማተብ ብትጀምር አይፈረድባትም።

በየስብሰባው ግን ምክንያቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «የግንዛቤ እጥረት»። እኔ ይህ አባባል አይዋጥልኝም። ያ ገበሬ እኮ መድን አለው! በየወሩ ያዋጣል፣ ስሙ መዝገብ ላይ አለ፣ ቢቀር ይቀጣል፣ ሰው ሲሞትበት ወንበሩ፣ ድስቱና ሰዉ በዚያው ዕለት ይደርሱለታል። ካሳ ለመቀበል ማስረጃ አምጣ፣ ነገ ተመለስ አይባልም። ስሙ እድር ነው።

እንግሊዞችም የጀመሩት ከቀብር ነው። ፕሩደንሻል የተባለው የለንደን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1854 ለሠራተኛው መደብ አነስተኛ የሕይወት መድን መሸጥ ጀመረ። የድሃውን ሰው የሚያስጨንቀው እንደ ለማኝ መቀበር ነበር። ወኪሉ በየሳምንቱ ያንኑ በር እያንኳኳ ሳንቲም ይለቅም ነበር፤ የልጆቹን ስም ያውቃል፣ ማን እንደታመመ ያውቃል። እዚያ በሩን ያስከፈተው የአንድ ቀን ምላስ ሳይሆን መመላለሱ ነው።

የእኛ አገር መድን ግን የገበሬውን በር አስቦትም አያውቅ። በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ የውጭ ኩባንያ ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር መድን ይሸጥ ነበር፤ ደንበኛው ነጋዴው ነው። በ1967 ዓ.ም. ሲወረሱ አሥራ ሦስት ኩባንያዎች ነበሩ፤ ከዚያ የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ብቻውን ቆየ፤ በ1986 ዓ.ም. አዋጅ የግሎቹ ተፈቀዱ። ይህ ሁሉ ሲሆን የሚድነው መኪናና መጋዘን እንጂ የእርሻ በሬ አልነበረም። ዛሬም የአረቦኑ ገቢ ከአገሪቱ አጠቃላይ ምርት 1 በመቶ አይሞላም።

እድሩ ይበቃል እያልኩ ግን አይደለም። እድር ሬሳ ይቀብራል፤ ሕሙም ማሳከም ብዙውን ጊዜ ከአቅሙ በላይ ነው። ለአንድ ቀዶ ሕክምና በሬ ሸጦ፣ በማግሥቱ መሬቱን ለእኩል አራሽ አሳልፎ የሰጠ ቤተሰብ በየመንደሩ አለ። ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ነው በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ13 ወረዳዎች የተሞከረው፤ ከእነዚህ አንዱ ያኔ ምዕራብ ጎጃም የነበረው ደቡብ አቸፈር ነው። ከዚያ ወደ ሌሎች ወረዳዎች ተስፋፋ። እንግዲህ የጎጃም ገበሬ መድንን በደጁ በሰፊው ያየው በዚህ ነው፤ የመጣውም የኩባንያ ወኪል ሳይሆን የቀበሌ ሰው ነው።

ቤት ለቤት መሄዱ ምክንያት አለው። የታመመው ብቻ ከተመዘገበ ሣጥኑ በአንድ ክረምት ባዶ ይቀራል። ጤነኛው ለታመመው እንዲከፍል ሁሉም በር መንኳኳት አለበት፤ ምዝገባውም በግለሰብ ሳይሆን በቤተሰብ የሆነው ለዚህ ነው። ጊዜም ይመረጣል፦ ጎተራው በተራቆተበት ነሐሴ አረቦን የሚጠይቅ ሰው አገሩን አያውቅም፤ እህል ከገባ በኋላ ግን ጆሮም ኪስም ይከፈታል። የአንኳኪው ማንነትም ዋጋ አለው። ጎረቤትና የእድር ዳኛ ሲናገር ምክር ነው፤ ባለሥልጣን ሲያስገድድ ግን ነገሩ ተመልሶ ግብር ይሆናል፣ 1960ም ትዝ ይላል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ከተከፈለ በኋላ ያለው ነው። አባወራው ካርዱን ይዞ የታመመ ልጁን ጤና ጣቢያ ሲያደርስ «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዛ» ከተባለ፣ በሚቀጥለው ዓመት በሩን ማን ይከፍታል? እሱ ብቻ አይደለም የሚዘጋው፤ ቡና ላይ ሲያወራው ሰፈሩ ሁሉ ይዘጋል።

የመድን ኩባንያዎች ወኪሎቻቸውን እንዴት አንኳኩተው እንደሚገቡ ያሠለጥኗቸዋል። መልካም ነው። ግን በጎጃም ገጠር አንድ ወኪል የሚመዘነው አረቦን ሊቀበል በመጣበት ቀን አይደለም። በሬው የሞተ ወይም ልጁ የታመመበት ሰው «ያ ሰውዬ የት አለ?» ባለ ዕለት ካሳውን ይዞ ከተገኘ፣ የቀሩትን በሮች ጎረቤት ይከፍትለታል።