«መተካት» ወይስ «ማፈናቀል»? ስለ ብረታ ብረትና አሲድ አጸግብሮት ስያሜ

ለሳይንስ ጽንሰ ሐሳብ አቻ ቃል ከመምረጥ በፊት ድርጊቱ እንዴት እንደሚፈጸም መመርመር ይገባል። ዚንክ ወይም ብረት በቀጠነ አሲድ ውስጥ ሲነከር አረፋ ይወጣል፤ ቁራጩም እየሟሟ ይሄዳል። ይህን አጸግብሮት በአማርኛ ለመሰየም «መተካት» እና «ማፈናቀል» የተባሉት ቃላት ሊቀርቡ ይችላሉ።

እንግሊዛዊው ሄንሪ ካቨንዲሽ እ.ኤ.አ. በ1766 ዚንክ፣ ብረትና ቆርቆሮ ከአሲድ ጋር ሲገናኙ የሚገኘውን ተቀጣጣይ አየር መርምሮ ጠባዩን ገለጸ። ሆኖም አየሩ የሚወጣው ከብረታ ብረቱ ነው ብሎ ያምን ነበር። ፈረንሳዊው ላቯዚየ በ1783 አየሩ ሲነድ ውሃ እንደሚገኝ አሳየ፤ በ1787ም «ውሃ አስገኚ» የሚል ፍች ያለው «ሃይድሮጅን» የተሰኘ ስም ወጣለት። በ1838 ጀርመናዊው ሊቢግ አሲድን ሃይድሮጅኑ በብረታ ብረት ሊተካ የሚችል ውህድ አድርጎ በየነው። እንግዲህ ወጪው ሃይድሮጅን፣ ቦታውን የሚይዘው ደግሞ ብረታ ብረቱ መሆኑ ተለየ።

የኋላው ዘመን ዕውቀት ደግሞ ምክንያቱን ገለጠ። ዚንኩ ኤሌክትሮኖቹን ይሰጣል፤ የአሲዱ ሃይድሮጅን አዮኖች ተቀብለው ጋዝ ሆነው ይወጣሉ። መዳብ ግን በቀጠነ አሲድ ለሃይድሮጅን ኤሌክትሮን አይለቅም። በደቡብ ኦሞ ሴቶች በብረትም በመዳብም አምባር ያጌጣሉ፤ ስለዚህ ልዩነቱን ለጂንካ ተማሪ ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። ቁርጥራጮቹ በቀጠነ አሲድ ቢነከሩ ከብረቱ አረፋ ይወጣል፤ መዳቡ ግን ጋዝ አያስወጣም።

እንግዲህ የትኛው ቃል ይስማማል? «ማፈናቀል» የተተከለን ነገር ከስፍራው በኃይል መንቀል ነው። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የኦሞ ወንዝ ሞልቶ የዳሰነችን መንደሮች ሲያጥለቀልቅ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ፤ ሺዎችም ከቀያቸው ተፈናቀሉ። በዚያ አካባቢ ለሚያድግ ተማሪ ቃሉ የሰው መከራ ያለበት ነው። በአጸግብሮቱ ግን የሚፈጸመው መስጠትና መቀበል እንጂ ማባረር አይደለም።

«መተካት» በአንጻሩ የሌላውን ቦታ መያዝን ይገልጻል፤ ልጅ አባቱን ተካ እንደሚባለው። ከሊቢግ ብያኔም ጋር ይስማማል። ነገር ግን ተኪውና ተተኪው እንዳይምታቱ ሁለቱም በዐረፍተ ነገሩ ሊጠሩ ይገባል፤ «ዚንክ የአሲዱን ሃይድሮጅን ተካ» ተብሎ። ስለዚህ ለኬሚስትሪው «የመተካት አጸግብሮት» ቢጸና፣ «መፈናቀል» ደግሞ ለሰው ልጅ መከራ ቢቀር፣ ሁለቱም ቃላት ክብራቸውን ይጠብቃሉ።