«ጥላ» በፎቶግራፍ ጥበብ፦ የአንድ ሙያ ቃል ታሪክና የአማርኛ ስያሜው

ስለ ፎቶግራፍ የሚጽፉ ሁሉ የስሙን ትርጕም «በብርሃን መጻፍ» በማለት ይጀምራሉ። ስሙ «ፎስ» (ብርሃን) እና «ግራፎ» (እጽፋለሁ) ከሚሉት የግሪክኛ ቃላት የተገኘ ስለ ሆነ ትርጕሙ ትክክል ነው። ሆኖም ጥበቡ በብርሃን ከመጠራቱ በፊት በጥላ ለመጠራት ተቃርቦ ነበር። እንግሊዛዊው ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት የመጀመሪያ ሙከራዎቹን «ስኪያግራፊ»፣ ማለትም የጥላ ጽሕፈት ይላቸው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1839 ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ባቀረበው ጽሑፍም ስለ ጥላ ማጽናት ጥበብ የሚናገር ክፍል አለ። «ፎቶግራፊ» የሚለውን ስም በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር በዚያው ጉባኤ ፊት ያስተዋወቀው ጆን ሄርሼል ነው። ኤርኩል ፍሎራንስ በብራዚል ሆኖ ይህንኑ ስም በ1834 ተጠቅሞበት ነበር፤ ነገር ግን ሥራው ለብዙ ዘመን ሳይታወቅ ቀረ።

ታልቦት የተጠቀመበት ቃል ጥንታዊ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የነበረው የአቴናው ሠዓሊ አፖሎዶሮስ በብርሃንና በጥላ ቅርጽ ማውጣትን ስላስፋፋ «ስኪያግራፎስ» ተብሏል። ሮማዊው ፕሊኒም የሰውን መልክ የመቅረጽ ጥበብ ከጥላ እንደ ተጀመረ ይተርካል፤ በትረካው መሠረት የአንድ ሸክላ ሠሪ ልጅ ሊለያት የተነሣውን ወዳጅዋን ጥላ በመብራት ግድግዳ ላይ አሳርፋ ዙሪያውን ነድፋለች። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ደግሞ ለእኛ ሥራ የሚጠቅም ልዩነት አበጅቷል፤ ይኸውም አንዱ ጥላ በራሱ በአካሉ ላይ ብርሃን ባልደረሰበት በኩል የሚያርፈው ነው፣ ሁለተኛው ከአካሉ ተነሥቶ በሌላ ነገር ላይ የሚወድቀው ነው። ጣሊያኖች «ኪያሮስኩሮ» (ብሩህና ጨለማ) የሚሉትን ፈረንሳዮች «ክሌር ኦብስኩር»፣ ጀርመኖችም «ሄልዱንክል» ብለው በየቋንቋቸው ተርጕመውታል።

በፎቶግራፍ ውስጥ ጥላ ክብር ያገኘው ቀስ በቀስ ነው። የመጀመሪያዎቹ የፎቶ ቤቶች የመስታወት ጣሪያ ነበራቸው፤ ብርሃኑም በመጋረጃ ይለዝባል፤ ደንበኛውም ጥርት ያለ መልክ ይሻል። ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ግን ከ1864 ጀምሮ ባነሣቻቸው ሥዕሎች ብርሃኑን ከላይና ከአንድ ጎን ብቻ አስገብታ የቀረውን ፊት ለጥላ ተወችው። በ1867 ያነሣችው የሄርሼል መልክ የዚህ ምሳሌ ነው፤ ለጥበቡ የብርሃንን ስም የሰጠው ሰው መልኩ በጥላ ተቀረጸ! በኒውዮርክ ዊልያም ኩርትዝ በዚያው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ የሬምብራንትን ስም ለዚህ ዐይነት ሥዕል ሰጠው። የፊልም ሠሪው ሴሲል ደሚል በ1915 በወጣ ፊልሙ የተዋንያኑን ፊት እኩሌታ በጥላ ሸፍኖ ሳለ ሻጮቹ ግማሽ ፊት ብቻ ከታየ ግማሽ ዋጋ ብቻ ይከፈላል ብለው ቢያጕረመርሙ፣ ይህ የሬምብራንት ብርሃን ነው ብሎ እንደ መለሰ እርሱ ራሱ ተርኳል። ዛሬ ስሙ የሚሰጠው በጥላ በተሸፈነው ጉንጭ ላይ፣ ከዐይን ሥር፣ ትንሽ የብርሃን ሦስት ማዕዘን እንድትቀር ለሚደረገው አበራር ነው። መብራቱ ከፍ ተደርጎ በሰያፍ ሲቀመጥ የአፍንጫው ጥላ ከጉንጩ ጥላ ጋር ይገናኛል፣ ሦስት ማዕዘኗም በመካከል ተከባ ትቀራለች።

እንግዲህ ተርጓሚው ይህን ሁሉ በምን ቃል ይናገር? በአማርኛ በተጻፉ የሙያ ጽሑፎች ለአንዱ ነገር ሦስት ቃላት እየተቀያየሩ ሲገቡ እናያለን፤ «ጥላ»፣ «ጨለማ»፣ «ጥቁረት»። ይህ የዘይቤ ልዩነት ብቻ አይደለም። «ጥላ» ከግእዙ «ጸለለ» ሥር ነው፤ «ጽላሎት»፣ «ተጠለለ» እና «መጠለያ» ዘመዶቹ ናቸው። «ጨለማ» ግን ከ«ጸልመ» ነው። ጸ በአንዱ ወደ ጠ፣ በሌላው ወደ ጨ ስለ ተለወጠ ሁለቱ ሥሮች በአማርኛ ተራርቀው ቀርተዋል፤ ስሜታቸውም እንደዚሁ። ጥላ ማረፊያ፣ ከለላና ግርማ ነው፤ የተከበረው ሰው «ጥላው ይከብዳል»፣ ሞገስ ያጣው «ጥላ ቢስ» ይባላል። በወንጌል ብሥራት ላይም «ጸለለ» የሚለው ግሥ ለእግዚአብሔር ኃይል ተነግሯል። ጨለማ ደግሞ የብርሃን ጠላት ነው። «ኪያሮስኩሮ»ን «ብርሃንና ጨለማ» ብሎ የተረጐመ ሰው ሥዕሉን ሳያስበው ወደ ስብከት ይወስደዋል። ስለዚህ «ብርሃንና ጥላ» የሚለውን እንመርጣለን።

«ጥቁረት» የባሰ ጕዳት አለው። «ፎቶው ጠቁሯል» ሲባል ፊልሙ ብርሃን አንሶታል ማለት ነው፤ «ፊቱ ጠቁሯል» ሲባል ግን ስለ ሰውዬው ቆዳ የተነገረ ይመስላል። የቀለም ፊልም ለብዙ ዘመን በነጭ ሴቶች መልክ እየተመዘነ ሲታተም እንደ ኖረ፣ የጠቆረ ቆዳም በዚህ ምክንያት ዝርዝሩ እየጠፋ ይወጣ እንደ ነበር የታወቀ ነው። የብርሃን መለኪያውም የተቃናው ለመካከለኛ ግራጫ ስለሆነ አንሺው ራሱ ማስተካከል አለበት። ጥላንና ቆዳን በአንድ ቃል የሚጠራ መመሪያ ተማሪውን ጥላውን እንዲያጠፋ ያስተምረዋል፤ በእኛ አገር መልክ ላይ ግን የጉንጭንና የግንባርን ቅርጽ የሚያወጣው ጥላውና በጠርዙ ላይ የሚያበራው ብርሃን ናቸው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የመጣው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ከእርሱ በኋላ ልጆቹ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺዎች ሆነው ሲሠሩ ይህን በእጃቸው የተማሩት ይመስለናል።

ስለዚህ የሊዮናርዶን ልዩነት በአማርኛ «የገጽ ጥላ» እና «የወደቀ ጥላ» ብንለው ይገልጻል፤ ግሡም «አጠላ» ነው። በሁለቱ ዳር ያለው ደብዛዛ ክፍል «ከፊል ጥላ» ይሁን። በእንግሊዝኛ የቁልፍ ስም የተሰጠውን መብራት «ቁልፍ ብርሃን» ማለት በአማርኛ ምንም አያስረዳም፤ «ዋና ብርሃን» ይበቃል፣ የጥላውን ክብደት የሚያቀለውም «ደጋፊ ብርሃን»። ፊትን ለሁለት ከፍሎ አንዱን ዐይን ፈጽሞ የሚሰውረውን አበራር «ገማሽ ብርሃን» ብለነዋል፤ ተርጓሚው ግን በጥንታዊው የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን በአንድ ዐይን የሚሣሉት ክፉዎች መሆናቸውን ቢያስብ ይበጃል፣ አንባቢው ሥዕሉን በዚያ ዐይን ሊያየው ይችላልና። «የሬምብራንት ብርሃን» የሰው ስም ስለ ሆነ እንዳለ ይቆይ። በ18ኛው መቶ ዓመት ከነበረው ፈረንሳዊ የገንዘብ ሹም ከኤትየን ደ ሲልዌት የተወረሰውን የጥቁር ጥላ ሥዕል ስም ግን «ሥዕለ ጥላ» ብለን ለመተካት እንደግፋለን፤ «ሲልዌት» በአማርኛ ፊደል ሲጻፍ ከሹሙ ስም በቀር የሚነግረን የለም።