የእረኛውን ዋሽንት ለኦርኬስትራ ያበቁ ምሁር

ስለ ስደተኛ ምሁራኖቻችን ስናነሳ ፖለቲከኞቹን እንቆጥራለን፤ የጥበብ ሰዎቹን እንዘነጋለን። ከተዘነጉት አንዱ ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1938 አዲስ አበባ ተወለዱ። አሜሪካ በሚገኘው የኢስትማን ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው በ1962 ተመረቁ። እዚያው መቅረት ሲችሉ ግን አገራቸው ገብተው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥራችና የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሆኑ። «እረኛው ባለዋሽንት» በተሰኘው ድርሰታቸውም የዋሽንታችንን ዜማ ለኦርኬስትራ አበቁት።

በ1971 ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ ባቀረቡት ጥናት ከዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን አገኙ። ከዚያ በኋላ የእውቀታቸውን ፍሬ አብዝተው የቀመሱት የባዕድ አገር ተማሪዎች ናቸው። በ1982 ስለ ጥቁር ሕዝቦች ሙዚቃ ሥረ መሠረት መጽሐፍ አሳተሙ፤ በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ፤ በ1998 እዚያው አሜሪካ አረፉ።

ወገኖቼ! ገጣሚ በስደት ወረቀትና ብዕር ይበቃዋል። የኦርኬስትራ መሪ ግን ተጫዋች፣ አዳራሽና አድማጭ ይሻል፤ ይህን ሁሉ በሻንጣ ይዞ መሰደድ አይቻልም። ምሁሩን ማቆየት ያቃተው ሥርዓት አገሪቱን ምን ያህል እንዳከሰራት ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያሻል?

በእሳቸው እጅ የተማራችሁ ሁሉ፣ የምታስታውሱትን ጻፉ፤ በእጃችሁ ያለውን ኖታና ቅጂ አታስጠፉ። ነገ ለሚሠራው አዳራሽ ያስፈልጋል።

ቸር እንሰንብት።