ስለ ፐርማንጋኒክ አሲድ ታሪክና በካምፓላ ስላለው ትምህርት

በካምፓላ ከተማ በአንድ የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ ሐምራዊውን የፖታሲየም ፐርማንጋኔት ውሃ ከቡሬት ጠብ እያደረገ የብረት ጨው የሚለካ ተማሪ፣ በብልቃጡ ውስጥ ያለው ምን አሲድ እንደ ሆነ ቢጠየቅ «ሰልፈሪክ አሲድ» ብሎ ይመልሳል። መልሱ ስሕተት የለበትም፤ ግን እኩሌታው ብቻ ነው።

እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1659 ዓ.ም. ጀርመናዊው ዮሐን ሩዶልፍ ግላውበር፣ ጥቁሩን የማንጋኒዝ ማዕድን ከፖታሽ ጋር አቅልጦ በውሃ ቢበጠብጠው አረንጓዴ ሆነ፤ ቆየት ብሎም ሐምራዊ፣ በመጨረሻም ቀይ ሆነ። በዚያ ዘመን ኦክሲጅን ገና ስላልታወቀ ምክንያቱን ማስረዳት አይቻልም ነበር። አረንጓዴው ጨው ከአንድ አሲድ፣ ሐምራዊው ከሌላ አሲድ የሚወለዱ መሆናቸውን ለይቶ ያስረዳው በ1832 ዓ.ም. አይልሃርድ ሚቸርሊሽ ነው። ይህ ሁለተኛው ፐርማንጋኒክ አሲድ ነው። በ1846 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ማርገሪት በሐምራዊው ጨው ብረትን መለካት ጀመረ፤ የካምፓላው ተማሪ የሚሠራው እርሱ ያወጣውን ዘዴ ነው።

አሲዱን ለብቻው ማግኘት ግን አስቸጋሪ ነበር። የባርየም ፐርማንጋኔት ውሃ ከቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ ጋር ሲገናኝ ባርየም ሰልፌት ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ይወርዳል፤ አሲዱም በውሃው ውስጥ ይቀራል። ውሃውን አትንነው ሊያደርቁት ሲሞክሩ ግን ኦክሲጅን እየለቀቀ ወደ ቡናማ ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ይፈርሳል። ክሪስታሉን ኖርማን ፍሪጄሪዮ ሠርቶ ጠባዩን የገለጸው በ1969 ዓ.ም. ነው፤ ያም ቢሆን በብርቱ ቅዝቃዜ ካልተጠበቀ አይቆይም።

ኃያል አሲድ ስለ ሆነ በውሃ ውስጥ ሃይድሮጂኑን ይዞ አይቀመጥም፤ ለውሃው ይለቅለታል። ስለዚህ የፐርማንጋኔት ጠብታ በአሲድ ብልቃጥ ውስጥ ስትወድቅ፣ ለቅጽበት በዚያ ያለው የፐርማንጋኒክ አሲድ ውሃ ነው፤ ፖታሲየሙ ተመልካች ብቻ ነው። ብዙ የመማሪያ መጻሕፍት ይህን ሳያነሡ ማለፋቸው ያሳዝናል።

ቀድሞ ፈተናው ከካምብሪጅ ወደ ኡጋንዳ ይላክ ነበር፤ በ1983 ዓ.ም. ግን በካምፓላ የኡጋንዳ ብሔራዊ የፈተናዎች ቦርድ ተቋቋመ። በከፍተኛው ደረጃ የተግባር ፈተና የፐርማንጋኔት ልኬት የታወቀ ጥያቄ ነው። መምህሩ ጠርሙሱን ሲያዘጋጅ ሰልፈሪክ አሲዱ የቀጠነ መሆኑን ሳይመረምር አይተወውም፤ ምክንያቱም ውሃ ያልገባበት ሰልፈሪክ አሲድ በደረቁ የፐርማንጋኔት ክሪስታል ላይ ቢፈስ፣ ሲሞቅ የሚፈነዳ፣ ወረቀትም ሆነ አልኮል ቢነካው እሳት የሚያስነሣ አረንጓዴ ቅባት መሰል ነገር ይወጣል። ሃይድሮክሎሪክ አሲድም አይሆንም፤ ፐርማንጋኔቱ ክሎሪን ያወጣበትና ልኩን ያበላሸዋል። አሲዱ ሲያንስ ደግሞ ብልቃጡ ቡናማ ይደፈርሳል፤ ተማሪውም እንደ ገና ይጀምራል። በቡሬቱ ውስጥ ያለው ውሃ እጅግ የጠቆረ ስለ ሆነ የሚነበበው እንደ ሌላው በታችኛው ጠርዝ ሳይሆን በላይኛው ጠርዝ ነው።