ድረ ገጽ ጎብኚውን ማስታወስ እንዴት ጀመረ

በ1990ዎቹ መጀመሪያ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ድረ ገጽ ጎብኚውን አያስታውስም ነበር። ቲም በርነርስ ሊ የነደፈው ኤችቲቲፒ የተባለው የመገናኛ ደንብ፣ ሰርቨሩ የተጠየቀውን ገጽ ልኮ ጠያቂውን እንዲረሳ የተሠራ ነው። ያው ሰው ከደቂቃ በኋላ ሁለተኛ ገጽ ቢጠይቅ፣ ደንበኛው ዞር ባለ ቁጥር መልኩን እንደሚረሳ ባለሱቅ፣ ሰርቨሩ እንደ አዲስ እንግዳ ይቀበለዋል። የሳይንስ ጽሑፍ ለማንበብ ይህ ምንም አይጎዳም፤ እንዲያውም የሰርቨሩን ሥራ ያቀልለታል። ዕቃ እየመረጡ በቅርጫት ለማጠራቀም ግን አይሆንም።

ችግሩ ገፍቶ የመጣው በ1994 ነው። ኔትስኬፕ የተባለው ገና የተመሠረተ ኩባንያ ኤምሲአይ ለተሰኘው የአሜሪካ የስልክ ድርጅት የኢንተርኔት መገበያያ ይሠራ ነበር። ኤምሲአይ ያላለቀ ግዢ በራሱ ሰርቨሮች ላይ እንዲጠራቀም ስላልፈለገ፣ መረጃው በገዢው ኮምፒውተር የሚቀመጥበት መላ መፈለግ ነበረበት። መላውን ያመጣው የኔትስኬፕ መሐንዲስ ሉ ሞንቱሊ ነው፤ የመጀመሪያውን የአሠራር ደንብም ከጆን ጂያናንድሪያ ጋር ጻፈ። ለያንዳንዱ ብራውዘር አንድ ቋሚ መለያ ቁጥር መስጠት ይቀል ነበር፤ ሞንቱሊ ግን አልወደደውም። ብራውዘሩ በሄደበት ሁሉ የሚያሳየው አንድ ቁጥር ካለ፣ ሰውየውን ከድረ ገጽ ድረ ገጽ እግር በእግር መከተል ይቻላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ድረ ገጽ የራሱን ምልክት እንዲያኖር፣ ምልክቱም ላኖረው ብቻ እንዲመለስ አደረገ። ኩኪ የተባለው ይህ ነው። በጥቅምት 1994 ለሙከራ በወጣው የኔትስኬፕ ብራውዘር ውስጥ ገባ፤ የመጀመሪያ ሥራውም የኩባንያውን ድረ ገጽ የሚጎበኘው ሰው ከዚህ በፊት መጥቶ እንደሆነ ማጣራት ነበር።

ኩኪ ፕሮግራም አይደለም፤ የጽሑፍ ቁራጭ ነው። ሰርቨሩ ገጹን ሲልክ ስም፣ ዋጋ፣ የሚያበቃበት ቀንና የሚመለስበት አድራሻ ያለበትን መስመር ያስቀድማል፤ ብራውዘሩም ይህን ያኖርና ወደዚያ አድራሻ በሄደ ቁጥር መልሶ ያሳያል። ዋጋው ብዙውን ጊዜ ትርጉም የለሽ የሚመስል ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው፤ የሰውየው ስምና የግዢው ዝርዝር ዛሬ በአመዛኙ በሰርቨሩ በኩል ከዚያ ቁጥር ጋር ተያይዞ ይቀመጣል። ማብቂያ ቀን ያልተጻፈበት ኩኪ ብራውዘሩ ሲዘጋ ይጠፋል። የኔትስኬፕ ደንብ ለአንድ ኩኪ 4 ኪሎባይት፣ ለአንድ ሰርቨር 20፣ በጠቅላላው 300 ኩኪ ይበቃል ብሎ ነበር።

ኩኪ ላኖረው ብቻ ይመለሳል በሚለው ደንብ ላይ ቀዳዳ የተገኘው በሥዕል በኩል ነው። አንድ ገጽ ከአንድ ሰርቨር ብቻ አይመጣም፤ በጋዜጣ ድረ ገጽ ላይ ያለችው የማስታወቂያ ሥዕል ከሌላ ድርጅት ሰርቨር ልትጫን ትችላለች፤ ያ ሰርቨርም የራሱን ኩኪ ማስቀመጥ ይችላል። በ1996 ሥራ የጀመረው ደብልክሊክ የተባለ ድርጅት ማስታወቂያዎቹን በብዙ ድረ ገጾች ላይ ሲያሰራጭ፣ ያው ኩኪ ከሁሉም ቦታ ወደ እርሱ ይመለስ ጀመር። ደንቡ አልተጣሰም፤ ኩኪው ላኖረው ብቻ ነው የተመለሰው። ያኖረው ግን በየገጹ ተቀምጧል።

ተጠቃሚው ይህን አያውቅም ነበር፤ የነገረውም የለም። ፋይናንሻል ታይምስ በየካቲት 1996 ጉዳዩን ሲያወጣው መነጋገሪያ ሆነ፤ በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ዘንድም ለውይይት ቀረበ። ኔትስኬፕ ኩኪ በመጣ ቁጥር የሚያስጠነቅቅ ምርጫ ጨመረ፤ የመረጡት ሰዎች ግን በማስጠንቀቂያ መስኮት ተጥለቀለቁ። በየካቲት 1997 ዴቪድ ክሪስቶልና ሞንቱሊ የጻፉት ይፋዊ የኢንተርኔት ደንብ፣ ብራውዘሮች የሦስተኛ ወገን ኩኪን (ከገጹ ባለቤት ሌላ የሆነ ሰርቨር የሚያኖረውን) እንዳይቀበሉ፣ ቢያንስ ካልተፈቀደላቸው በስተቀር እንዲከለክሉ ጠየቀ። ኔትስኬፕም ማይክሮሶፍትም አልተከተሉትም። ሞንቱሊ በኋላ እንዳስረዳው፣ ኩኪ ቢዘጋ ማስታወቂያ አስነጋሪዎቹ ተጠቃሚው ሊያየውና ሊያጠፋው የማይችል ሌላ ዘዴ መፈለጋቸው አይቀርም ነበር። ክርክሩ ውሃ የሚቋጥር ነው፤ ሆኖም ከዚያ ወዲህ ለመጣው ጣጣ አብዛኛው በር የተከፈተው እዚህ ላይ ነው።

ደብልክሊክ በ1999 አባከስ ዳይሬክት የተባለውን የሸማቾች መረጃ ድርጅት ገዝቶ የብራውዘር ታሪክን ከሰዎች ስም ጋር ሊያገናኝ ሲያስብ ቁጣ ተነሣበት፤ በ2000 ዕቅዱን አቆመ። ጉግል በ2007 በ3.1 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛው ተስማማ።

የአውሮፓ ኅብረት በ2009 ባሻሻለው መመሪያ ለአሠራር የግድ ከማያስፈልጉ ኩኪዎች በፊት ፈቃድ እንዲጠየቅ ደነገገ፤ በ2018 በሥራ ላይ የዋለው የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ደግሞ ፈቃድ ምን ማለት እንደሆነ አጠበቀ። ዛሬ በየገጹ ብቅ የሚለው ጥያቄ የዚህ ውጤት ነው። የኅብረቱ ፍርድ ቤት በ2019 አስቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሳጥን ፈቃድ አይባልም ሲል ወሰነ። በ2022 መጀመሪያ የፈረንሳይ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እምቢታን ከእሺታ ይልቅ አስቸጋሪ አድርገዋል ብሎ ጉግልን 150 ሚሊዮን፣ ፌስቡክን 60 ሚሊዮን ዩሮ መቅጣቱን አስታወቀ። ሕጉ የልፋቱን ድርሻ ለጎብኚው መተዉ ግን አይካድም።

ከሕጉ ይልቅ ነገሩን የቀየሩት ብራውዘሮቹ ናቸው። ሳፋሪ ከመጋቢት 2020 ጀምሮ የሦስተኛ ወገን ኩኪን ሙሉ በሙሉ ዘጋ፤ ፋየርፎክስ በ2022 የየድረ ገጹን ኩኪ ለየብቻው አጠረ። ክሮም በ2020 በሁለት ዓመት ውስጥ አስወግዳለሁ ብሎ፣ ደጋግሞ ካራዘመ በኋላ በ2025 ምርጫውን ለተጠቃሚው ተወው።

ስለዚህ የክሮም ተጠቃሚ ራሱ ቅንብሮች ውስጥ ገብቶ፣ በግላዊነት ክፍል የሦስተኛ ወገን ኩኪን መዝጋት አለበት፤ ከጥቂት ገጾች በስተቀር የሚበላሽ ነገር አይገጥመውም። ሁሉንም ኩኪ መዝጋት ግን አይመከርም፤ ኢሜይልም ባንክም ተጠቃሚውን የሚያውቁት በኩኪ ነው። ያሉትን መሰረዝ ከየአካውንቱ ያስወጣል፤ የአንዱን ድረ ገጽ ብቻ ለይቶ መሰረዝም ይቻላል። ማንነት የማያሳውቀው መስኮት ሲዘጋ ኩኪውን ያጠፋል እንጂ ከኢንተርኔት አቅራቢው ወይም ከመሥሪያ ቤቱ ኔትወርክ አይሰውርም። ኩኪን እምቢ ማለትም የሚመዘገበው ብዙውን ጊዜ በኩኪ ነው፤ ሁሉንም የሰረዘ ሰው ያንኑ የፈቃድ ጥያቄ በየገጹ እንደገና ይመልሳል።