የድምፅ ማጉያና የመቀመጫ አቀማመጥ ለስብሰባ ውጤታማነት ወሳኝ ነው

አዳማ፦ የስብሰባ ተሳታፊዎች የሚቀርብላቸውን ሪፖርት በሚገባ ሰምተው እንዲወያዩ የድምፅ ማጉያውን ጉልበት ከመጨመር ይልቅ የሚቀመጥበትን ቦታና የተሳታፊዎችን መቀመጫ ማስተካከል የላቀ ጠቀሜታ እንዳለው የአዳራሽ ድምፅ ጥናት ያስገነዝባል።

ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው አዳማ እስከ 1997 ዓ.ም የኦሮሚያ ክልል መንግሥት መቀመጫ የነበረች ሲሆን፣ ዛሬም የፌዴራልና የክልል መሥሪያ ቤቶች የዕቅድ ግምገማና ሥልጠና ከሚያካሂዱባቸው ከተሞች አንዷ ናት። ቢሾፍቱ፣ ባቱና ሻሸመኔም ለተመሳሳይ አገልግሎት ይመረጣሉ። በእነዚህ መድረኮች በኋላ ረድፍ የተቀመጠ ባለሙያ "ሠላሳ" የተባለውን "ስልሳ" ብሎ ከመዘገበ ስህተቱ ከአዳራሹ ወጥቶ እስከ ወረዳ ሊዘልቅ ይችላል።

ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። አድማጩ በቅድሚያ ከማጉያው በቀጥታ የሚመጣውን፣ ቀጥሎም ከግድግዳ፣ ከጣሪያና ከወለል የሚመለሰውን ድምፅ ይሰማል። የሚመለሰው ድምፅ ከ50 ሚሊ ሰከንድ በላይ ዘግይቶ በጉልህ ከደረሰ እንደ ገደል ማሚቶ ተለይቶ ይሰማል። የሴራሚክ ወለልና ሰፋፊ የመስታወት መስኮቶች ድምፅን በብዛት መልሰው ስለሚያስተጋቡ "ተ"ን ከ"ጠ"፣ "ከ"ን ከ"ቀ" የሚለዩት አጫጭር ድምፆች ይዋጣሉ። ጉልበቱ ሲጨመር ማስተጋባቱም አብሮ ስለሚጨምር ችግሩ አይቃለልም።

የዘርፉ ጥናት የተጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1895 በአሜሪካው ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። መምህር ዋላስ ሳቢን ንግግር በማይሰማበት አንድ የትምህርት አዳራሽ ድምፅ ከ5 ሰከንድ በላይ እንደሚያስተጋባ ለክቶ፣ የቲያትር ቤት የመቀመጫ ትራሶችን በማስገባት ማስተጋባቱን ቀንሷል። ለንግግር አዳራሾች በአብዛኛው ተስማሚ የሚባለው 1 ሰከንድ ገደማ ነው።

በዚሁ መሠረት የድምፅ ማጉያዎች ከማይክሮፎኑ ፊት ለፊት ባለው የተሰብሳቢ አቅጣጫ፣ ከተቀማጮች ራስ ከፍ ብለው፣ ወደ መካከለኛና ኋለኛ ረድፎች ዘንበል ተደርገው መተከል ይኖርባቸዋል። ከማይክሮፎኑ ኋላ ከተተከሉ ድምፁ ተመልሶ ወደ ማይክሮፎኑ በመግባት ፉጨት ይፈጥራል። ጥግ ላይ ሲቀመጡ ደግሞ ወፍራም ድምፅ በዝቶ ንግግሩ ይደበዝዛል።

በረዥም አዳራሽ መሀል ላይ ተጨማሪ ማጉያዎች ሲተከሉ ድምፃቸው በመሣሪያ አማካኝነት ለእያንዳንዱ ሜትር ርቀት 3 ሚሊ ሰከንድ ያህል እንዲዘገይ ይደረጋል፤ ይህ ካልሆነ ተሰብሳቢው አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ይሰማል።

መቀመጫዎችን በተመለከተ፣ ከኋላ ግድግዳ ጋር የተጣበቀ ረድፍና ከማጉያ ሥር የሚገኝ ወንበር ለአድማጭ አይመከሩም። ወፍራም መጋረጃ፣ ምንጣፍና ባለስፖንጅ ወንበር ማስተጋባትን ይቀንሳሉ። የተከፈተ መስኮት ድምፅን ወደ ውጭ ቢያሳልፍም የመንገድ ጫጫታ ያስገባል።

በአነስተኛ ክፍል በሁለት ማጉያዎች ለሚያደምጥ ሰው፣ ማጉያዎቹና መቀመጫው እኩል ጎኖች ያሉት ሦስት ማዕዘን ቢሠሩና ከግድግዳ ፈቀቅ ቢሉ ይመረጣል።

የስብሰባ አዘጋጆች አዳራሽ ከመከራየታቸው በፊት አንዱ ከመድረክ ቁጥሮችን እንዲያነብ፣ ሌላው በመጨረሻው ረድፍ ተቀምጦ እንዲጽፍ ማድረግ ይችላሉ። ሁለቱ ዝርዝሮች ካልተመሳሰሉ ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት የማጉያዎቹን ቦታ ማስተካከል ያስፈልጋል።